ከመስቀል በፊት የተገነባው ግንብ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ሐብተማርያም፣ ደብረ ብርሃን።

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ጠብታውን በየቀኑ ያደርጋሉ ወይስ ዛሬ ደህና ነኝ እያሉ ያልፉታል? ጉልበትዎን ያለፈው ክረምት እንዴት አደረገው? እማማስ ጨው ቀንሺ ያሏትን ሰማች ወይስ እንደ ልማዷ ሐኪሙን መርቃ ተመለሰች? እኔም፣ ባለቤቴ ምንዳዬም፣ ልጃችን ሩትም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሐሳባችን እናንተ ዘንድ ከመሆኑ በቀር ምንም አልሆንንም። እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በይ እናትሽን ላገናኝሽ ብለው ይሄዱብኛል። ይህ ወሬ ደግሞ ረጅም ነው፤ መጨረሻውን ሳይሰሙ እንዲሄዱብኝ አልፈልግም። የሚያነብልዎት በሪሁን መሆኑን አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ስምህ የተነሣበትን ቦታ ሳትዘል አንብብ፤ ብትዘል ብዙነሽ ሚስትህ ትነግረኛለች።

ወሬው ይህ ነው፤ ግንብ ገነባሁ። አሥራ አራት ሜትር የሚረዝም፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግንብ። እርስዎ በሌሉበት፣ በራሴ እጅ። የመንግሥት መሐንዲስ በመዶሻ እየደበደበ ፈትሾ አሳልፎታል። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

እንደሚያውቁት የምሠራው እዚህ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ በምትባል ከተማ፣ አጥንታቸው የተሰበረ አረጋውያን ጠንክረው እስኪሄዱ በሚቆዩበት ቤት ነው። የዛሬ ዓመት ተኩል አርዲስ የምትባል የሰማንያ አራት ዓመት ባልቴት ዳሌዋ ተሰብሮ መጣች። አገሯ ከዚህ በስተ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ገጠር ነው፤ በቆሎና አኩሪ አተር እንጂ ሌላ ነገር የማይታይበት ካውንቲ፤ ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ማለት ነው። የዚያ አገር ሰው ቢያመውም ምንም አልልም ነው የሚለው። እሷም እንደዚያው ነበረች፤ ያለ እርዳታ መቆም ሲያቅታት እንኳ አንድ ቀን አህ ስትል አልሰማኋትም። አንድ ጠዋት ግን ፎቶ ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። የሟች ባሏ ፎቶ መስሎኝ ነበር። የከብት በረት ነው።

አባባ፣ አይሳቁ። እዚህ አገር ቅርስ ማለት ቤተ መንግሥትና ደብር ብቻ አይደለም። በዚያ ካውንቲ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ የጡብ ሱቆች የተደረደሩበት አንዱ መንገዷ እንዳለ በቅርስነት ተመዝግቧል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ደግሞ ከነመኖሪያ ቤታቸው፣ ከነጎተራቸውና ከነበረታቸው የተመዘገቡ የገበሬ ግቢዎች አሉ። የአርዲስ ግቢ አንዱ ነው። በረቱን የሠራው ቅድመ አያቷ ነው፤ ከታች ላሞች የሚቆሙበት የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ ድርቆሽ የሚከመርበት ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት። የሰሜኑ ግንብ ሆዱን ነፍቶ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። የካውንቲው የቅርስ ኮሚቴ፣ ግንቡ በሁለት ዓመት ውስጥ በጥንቱ አሠራር ካልታደሰ በረቱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ይፈርሳልም ብሏታል። የኖራ ሥራ የሚያውቁት ግንበኞች ደግሞ ወረፋቸው ከሁለት ዓመት ያልፋል። ሴትዮዋ ያለቀሰችው ለዚህ ነው።

ፎቶውን ተቀብዬ አየሁት። በድንጋዮቹ መሃል ግራጫ ነገር ተመርጎበታል። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤ ይሄ ሲሚንቶ ነው፣ ግንቡን የገደለው እሱ ነው አልኳት። እንባዋን ጠርጋ እንዴት አወቅሽ አለችኝ። የግንበኛ ልጅ ነኝ አልኳት። የድሮ ግንብ ውሃውን በኖራው በኩል እንደሚያስወጣ፣ ሲሚንቶ ሲመርጉበት ውሃው ውስጥ ታምቆ ድንጋዩን እንደሚገፋ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሲያፈርሱ የነገሩኝን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ዘረገፍኩላት። ሰምታ ስትጨርስ አንቺ ልትሠሪው ትችያለሽ ወይ አለች። አዎ አልኳት።

ያን ቀን አዎ ስል በሕይወቴ ካዞላ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ይዤ አላውቅም ነበር። እርስዎ ያውቃሉ። ከአሥር ዓመቴ እስከ ሃያ ዓመቴ ኖራዎን አማሰልኩ። ጉድጓዱን ቆፍሬ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ሲፈላ በረጅም እንጨት አማስዬ፣ አሸዋውን ነፍቼ፣ ጆንያ አርጥቤ ግንቡን አለበስኩ። ሰው ይቺ ማናት ሲልዎት አማሳዬ ናት ይሉ ነበር። በሪሁን ግን አፍንጫውን መጥረግ ሳይለምድ ግንበኛው ነበር። አትቆጣ በሪሁን፤ እማማን ጠይቃት። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ እርስዎ ምሳ ሲሄዱ፣ ከዕቃ ቤቱ ግንብ ላይ አንዲት ድንጋይ በእጄ አስቀመጥኩ። ተመልሰው አዩዋትና አወጧት። አልተቆጡም፣ አልመከሩም። እኔም ወደ ጉድጓዴ ተመለስኩ።

ምንዳዬ ወሬውን ሲሰማ አብደሻል አለኝ። እሱ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ድራይቭ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ስለ ድንጋይ የሚያውቀው ጎማ እንደሚቀድ ብቻ ነው። ቢሆንም አካፋ ገዝቶ መጣ። ሩት ደግሞ «ማም፣ አር ዩ ሲሪየስ?» አለችኝ። አማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ መመለስ ነው ሥራዋ፤ ተስፋ ቆርጬ ትቻታለሁ። ኮሚቴው ሙሉውን ከመፍቀዱ በፊት ሁለት ሜትር ናሙና ሠርተሽ አሳዪን አለ። በአርዲስ ግቢ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ኖራውን ውሃ አጠጥተን ሸፈንነው። ሲፈላ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ በእውነት አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ።

ከዚያ መቼ ትጀምሪያለሽ አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ መገመት አያቅትዎትም። ከመስቀል በኋላ አልኩ።

በልጅነቴ ሁሉ ሐምሌና ነሐሴ ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ሲተኛ፣ እኛም ዝናቡን እያየን ስንቀመጥ፣ የደመራው አመድ ሳይቀዘቅዝ እርስዎ ካዞላዎን ሲያነሡ ነው ያየሁት። አገር ቤት ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ እዚህ ከመስቀል በኋላ ውርጭ ይመጣል። አሥራ ሁለት ዓመት በየጥቅምቱ የመኪናዬን መስታወት ስፍቅ ኖሬ ይህን አጣሁት? አላጣሁትም። ጭንቅላቴ ያውቃል፤ እጄ ግን ገና ከደብረ ብርሃን አልወጣም ነበር። ምንዳዬ ብርድ አይነካውም ወይ ቢለኝ፣ አባቴ ከመስቀል በፊት ኖራ አያስነካም ብዬ አፉን አስያዝኩት። አርዲስም እያወቀች፣ ሰው ማረም ነውር ነው ብላ ዝም አለች። ይኸው የእሷ ይሉኝታና የእኔ ግትርነት ተገናኙና ናሙናው በጥቅምት ዋዜማ ተሠራ።

ሲያዩት የሚያምር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ኮሚቴው ሊያየው መጣ። የካውንቲው መሐንዲስ፣ እኔና ምንዳዬ ሪዛሙ የምንለው ረጅም ሰው፣ ጣቱን በሁለት ድንጋዮች መሃል አስገባ። ውርጭ የመታው ኖራ እንደ በሶ ዱቄት ፈሰሰ። ሌላ ቦታ አስገባ፤ ፈሰሰ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ የያዝነውን ምሳ ሳንፈታ ተመለስን። በዚያ ሳምንት ደውለው ሥራ እንዴት ነው ሲሉኝ ደህና ነው ያልኩዎት ውሸት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ጥር ላይ ደውዬ ለምን ከመስቀል በኋላ ብቻ እንደሚሠሩ የጠየቅኩዎት ትዝ ይልዎታል? ምን ነካሽ ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ወሩ ምን አገባው አሉኝ። ኖራ ቀስ ብሎ መድረቅ ይፈልጋል፣ ጎርፍ ካጠበው ወይ ድንገት ካስደነገጡት እሺ አይልም፣ የሚሠራው ሰማዩን እያዩ እንጂ ቀን እየቆጠሩ አይደለም አሉኝ። ቀጥለው እናትሽን ላገናኝሽ ብለው ሄዱ። እማማ ሃሎ ሃሎ ስትል እኔ ሰማዩን ላይ መስኮቱ ጋ ደርሻለሁ። ለካ አሥር ዓመት ሙሉ እኔ ቀኑን ስይዝ እርስዎ ሰማዩን ያዩ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ለምንዳዬ የሚኒሶታ መስቀል ሰኔ ላይ ነው አልኩት። አሁን ደግሞ ይቺ ሴትዮ ባሰባት ብሎ አየኝ።

መጋቢት ላይ ኮሚቴው፣ ናሙናው ስለወደቀ ሁለት ዓመቱን ሳይጠብቅ፣ በረቱን ለመሰረዝ ተሰበሰበ። ከሥራ ሺፍት ቀይሬ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ፣ ድንጋዩም ኖራውም ጥፋት የለባቸውም፣ ጊዜውን የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሰኔን ስጡኝ አልኳቸው። አርዲስ በመደገፊያዋ ቀስ ብላ ተነሣች። ያኔ ግንቡን በሲሚንቶ የመረገው ሰውዬ አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም፣ ይቺ ሴት ግን እፊታችሁ ቆማ ተሳሳትኩ አለች፣ እኔ የማምነው እሷን ነው አለችና ተቀመጠች። እሷ በዓመት የምትናገረውን በአንድ ጊዜ ጨረሰችው። ድምፅ ተሰጠ፤ በአንድ ሰው ብልጫ አለፍን።

ሰኔ ላይ ሁለተኛውን ናሙና ሠራሁ። በእርጥብ ጆንያ አለበስኩት፣ ቀን ቀን ውሃ ረጨሁት፣ ፀሐይዋ ስትከር በሸራ ጋረድኩት። ሪዛሙ መጥቶ በጣቱ ነካው፤ እምቢ አለ። በቁልፍ ፋቀው፤ እምቢ አለ። መዶሻ አምጡ አለ። ከመታው በኋላ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

አናጢዎች መጥተው በረቱን በትልልቅ ክሪክ ደግፈው አነሡት፤ እኛም አሮጌውን ግንብ አወረድን። እያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ረድፉ እንዲመለስ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያልኩ በጠመኔ ጻፍኩበት። ሪዛሙ ይህ ምንድነው ብሎ ጠይቆኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ መ የቱ ጋ ደረሰ ብሎ አሳቀኝ። ቅዳሜ፣ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ፣ ሥራ ቦታዬ ሺፍት እየገባሁ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ግንቡ ላይ ዋልኩ። እርስዎ በዕድሜዎ ኖራ ያላስነኩኝን ሐምሌንና ነሐሴን። ፍልሰታን ጾሜ ድንጋይ ተሸከምኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የበረዶ ዝናብ ሲወርድ እኔና ምንዳዬ የሸራውን ጫፍ በሰውነታችን ተጭነን ግንቡ ላይ ተለጠፍን፤ ጀርባችን በልዞ ሰነበተ፣ ግንቡ ግን ጠብታ አልነካውም።

ከሥራ ቦታ የማውቃት ዳራርቱ በእረፍት ቀኗ እየመጣች አሸዋ ትነፋልኝ፣ ኖራ ታማስልልኝ ነበር። አንድ ቀን ሪዛሙ ይቺ ማናት ሲለኝ አማሳዬ ናት ስል ራሴን ሰማሁት። ደነገጥኩ አባባ። እሷ ምንም አልመሰላትም፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ካዞላውን እጇ ላይ አስያዝኳትና አራት ድንጋይ አስቀመጠች። አንዱ ጠማማ ነበር፤ ለምን እንደጠመመ ነግሬያት ራሷ አስተካከለችው።

ግንቡ በነሐሴ አጋማሽ አለቀ። ሦስት ሳምንት በጆንያ ሸፍነን ጠበቅን። እንቁጣጣሽ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ክሪኮቹ የሚወርዱበት ቀን ሆነ። ያ ሁሉ እንጨት፣ ያ ሁሉ ጣሪያ ያን ቀን በእኔ ግንብ ላይ ሊቀመጥ ነው። ኮሚቴውም፣ የአርዲስ ጎረቤቶችም መጡ። እኔ ከግንቡ አናት ቱንቢ አንጠልጥዬ ጫፉን እያየሁ ቆምኩ፤ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። አናጢዎቹ ማውረድ ጀመሩ። ወራጁ እንጨት ሲጨነቅ እንደ ሰው አቃሰተ። አንድ ሰው አንድ ነገር አለ፤ ሌላው ዝም በል አለው። ክሪኩ ወረደ፣ ወረደ፣ ከእንጨቱ ተለየ። ቱንቢው አልተነቃነቀም። ፀጉር የምታህል አልተነቃነቀም አባባ።

ሪዛሙ ግንቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ እየመታ ሄደ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ መለሰለት። ሲጨርስ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። አርዲስ ግንቡን በመዳፏ ዳሰሰችውና መጥፎ አይደለም አለች። የዚያ አገር ሰው መጥፎ አይደለም ካለ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ ማለት ነው። ለእኔ ግን አልበቃኝም፤ በዚያ የበቆሎ ማሳ መሃል እልልታዬን አቀለጥኩት። ሩት እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና እማዬ፣ ቆመ አለችኝ። በአማርኛ። ምንዳዬ ፊቱን አዙሮ ጉንፋን የያዘው ሰው መሰለ።

በረቱ ከመዝገቡ አይሰረዝም። ባለፈው ሳምንት ግንቡን ማን እንዳደሰው ለቅርስ መዝገቡ ሲጽፉ፣ እዚህ ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ስለሆነ፣ ግንበኛ፦ ሐብተማርያም ብለው አሰፈሩት። ስምዎ አይተውት በማያውቁት አገር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ደስ ይበልዎ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ማታ ግን አሰብኩና በማግስቱ ደውዬ የእኔም ስም ከፊቱ ይግባ አልኳቸው። አስገቡት። ኖራው የእርስዎ ነው፤ ድንጋዩን ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ።

አሁን ደብዳቤውን ወደጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። በሪሁን፣ ይህን ቀስ ብለህ አንብብ። አባባ፣ ያቺን የዕቃ ቤቱን ድንጋይ እንዳወጧት ነግሬዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትንም አይቻለሁ። ከጉድጓዱ ጀርባ ነበርኩ። በመዳፍዎ ይዘው ሲያገላብጧት ቆዩና፣ ያችኑ ድንጋይ፣ በዚያው ፊቷ፣ እዚያው ቦታ መልሰው አስቀመጧት። ሃያ ሦስት ዓመት ይህን ይዤ ኖሬያለሁ። ድንጋይዋ ልክ ነበረች። ያኔም ያውቁ ነበር፣ ዛሬም ያውቃሉ። አዝኜብዎ ነበር፤ አሁን አላዘንኩም። ካዞላዎ ለበሪሁን ይሁን፣ ብሎኬቱን ይደርድርበት፤ እኔ የራሴ አለኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ስደውል ስልኩን ለእማማ ከመስጠትዎ በፊት፣ እርስዎ ራስዎ፣ ማን ልበል ብለው ይጠይቁኝ። ማን መሆኔን ስነግርዎት እሺ ይበሉኝ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ጨዋታዋ በጆሮዬ ነው፣ ጨውዋ ግን ይቀንስ። በሪሁንን ብቆጣውም እወደዋለሁ፣ ስላነበበልኝ እግዜር ይስጠው። ብዙነሽን ጉንጭ ለጉንጭ ሳሙልኝ፤ ምን እንደዘለለ ትጻፍልኝ። ትንሹ ልጃቸው ኖህ ስንት ጥርስ አበቀለ? ጎረቤታችንን እትዬ ማሚትን ግንቡ አልፈረሰም በሏት፣ እሷ መፍረሱን ነው የምትጠብቀው። ምንዳዬ እጅ ነስቷል፤ ሩት አያቴን ሳሚልኝ ብላለች፣ እሱንም በአማርኛ ነው ያለችው። ለእርስዎ ዓይን በየቅዳሴው ስምዎን አስጠራለሁ። በደህና ይቆዩኝ።

ልጅዎ
ግንበኛዋ አሰፋሽ ሐብተማርያም

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ
የመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.